ከሃሚልተን ተራራ እስከ አቦል

ሳን ሆዜ የሚኖር ሰው ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ምሥራቅ ቀና ቢል ከተራራው ጫፍ ላይ ነጫጭ ጉልላቶች ያያል። ተራራው ሃሚልተን ይባላል፤ ከፍታው 1,283 ሜትር ነው። ከተራራው ሥር ባለው ሸለቆ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሥራ ሲወጡም ሆነ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያዩታል። ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት ፕላኔት የተገኘው ከዚያ ጫፍ መሆኑ ግን በማኅበረሰባችን ዘንድ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። ታሪኩ ከ170 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል፤ የሚጀምረውም በአንድ ፒያኖ ሠሪ ነው። ዘመኑንም ወሩንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እተርካለሁ።

በጃንዋሪ 1848 ጄምስ ሊክ የሚባል የ51 ዓመት ሰው ከፔሩ በመርከብ መጥቶ ሳን ፍራንሲስኮ ወረደ። የፔንሲልቬንያ ተወላጅ ነው፤ አናጺነትን በልጅነቱ ተምሮ በደቡብ አሜሪካ ከተሞች ለብዙ ዓመታት ፒያኖ ሲሠራና ሲሸጥ ኖሯል። ይዞ የመጣው 30 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅና 600 ፓውንድ ቸኮሌት ነበር። ቸኮሌቱን የሠራው የሊማ ጎረቤቱ ጊራርዴሊ ሲሆን፣ እሱም በኋላ ተከትሎት መጥቶ እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራበትን ፋብሪካ በዚያችው ከተማ አቋቋመ። ሳን ፍራንሲስኮ ያኔ አንድ ሺህ ነዋሪ እንኳ ያልሞላባት መንደር ነበረች። ሊክ በያዘው ወርቅ መሬት መግዛት ጀመረ። ጃንዋሪ 24 ቀን ከከተማዋ ርቆ በሚገኝ የእንጨት መሰንጠቂያ አጠገብ ወርቅ ተገኘ። ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደ ወንዞቹ ሲጎርፍ ሊክ መሬት መግዛቱን ቀጠለ፤ ውሎ አድሮም ከካሊፎርኒያ ባለጸጎች ግንባር ቀደሙ ሆነ።

ሲያረጅ ስሙን የሚያስጠራ ነገር መሥራት ፈለገ። ካሰባቸው ነገሮች አንዱ ሳን ፍራንሲስኮ መሃል ከጊዛው የሚበልጥ ፒራሚድ ማቆም ነበር። ከዚህ ሐሳብ ያስጣለው ጆርጅ ዴቪድሰን ነው፤ ዴቪድሰን የባሕር ዳርቻ ቀያሽና የሥነ ፈለክ አዋቂ ሲሆን የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንትም ነበር። ሽማግሌውን እየተመላለሰ ስለ ሳተርን ቀለበቶችና ስለ ጨረቃ ተራሮች አጫወተው። በ1874 ሊክ እስከዚያ ቀን ከተሠሩት ሁሉ የሚልቅ ቴሌስኮፕ እንዲሠራ 700 ሺህ ዶላር መደበ። ገንዘቡ ለድንጋይ ክምር ከመዋል መትረፉ ለሰው ልጅ ሁሉ የተደረገ ውለታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሊክ ቴሌስኮፑ ከተማ ውስጥ እንዲቆም ነበር የፈለገው። ዴቪድሰን ተራራ ካልሆነ አይሆንም አለ። ምክንያቱ ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉት ራሳቸው ስለሚርገበገቡ አለመሆኑ ነው። ብርሃናቸው ወደ ዓይናችን ሲመጣ ሙቁና ቀዝቃዛው በተደራረበ አየር ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ንብርብርም ጨረሩን ጥቂት ጥቂት ያጣምመዋል። ቴሌስኮፕ ኮከቡን ሲያጎላ ይህንንም መርገብገብ አብሮ ያጎላዋል። ከፍ ያለ ቦታ የቆመ ሰው ከራሱ በላይ ያለው አየር ያነሰ ነው፤ በሃሚልተን ተራራ ላይ ደግሞ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነፍሰው አየር ብዙ ሳይታወክ ያልፋል። የሳንታ ክላራ ካውንቲ መንገዱን በ1876 ሠራ። ዕቃው የሚጓጓዘው በእንስሳት በሚጎተት ጋሪ ስለነበር ዳገቱ እንዲለዝብ መንገዱ ከ300 በሚበልጥ ኩርባ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ዛሬም መኪና የሚወጣው በዚያው ነው። ሊክ ግን የመንገዱን ፍጻሜ አላየም። ኦክቶበር 1 ቀን 1876 በ80 ዓመቱ ሞተ።

ትልቁ ቴሌስኮፕ ገና ሳይደርስ ተራራው የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ ሠራ። ዲሴምበር 6 ቀን 1882 እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በምድርና በፀሐይ መካከል አለፈች። ይህ ሲሆን ቬነስ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና የፀሐይን ፊት ስታቋርጥ ትታያለች። በምድር ላይ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች ነጥቧ የምታልፍበትን መስመር እኩል አያዩትም፤ በመጠኑ ይለያይባቸዋል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ከታወቀ ከዚያች ትንሽ ልዩነት ተነስቶ እስከ ቬነስ፣ ከዚያም እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት ማስላት ይቻላል። የሥርዓተ ፀሐይ መለኪያ የሆነው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የተጣራው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ነው። ዴቪድ ቶድ የተባለው ሊቅ ከምሥራቅ አሜሪካ ድረስ መጥቶ በዚያች ቀን 147 የመስታወት ፎቶግራፎች አነሳ። መስታወቶቹ ከመቶ ዓመት በላይ ከተቀመጡ በኋላ ተሰካክተው እንደ ፊልም እንዲታዩ ተደርገዋል። ከእንግዲህ ቬነስ እንዲህ የምታልፈው በ2117 ነው።

በማግስቱ ዓመት በ1883 ኦክላንድም የራሷን ቴሌስኮፕ አገኘች። አንቶኒ ሻቦ በካናዳዋ ኬቤክ ተወልዶ በካሊፎርኒያ የወርቅ ቁፋሮ ውኃን በኃይል የመጠቀም ዘዴ ያስፋፋ፣ ኋላም ለኦክላንድ የመጠጥ ውኃ ያቀረበ ሰው ነው። ለከተማዋ ባለ 8 ኢንች ሌንስ ቴሌስኮፕ በስጦታ ሰጠ፤ ላፋዬት አደባባይ ላይም ተተከለ። የሊክ ለሊቃውንት ሲሆን የሻቦ ለሕዝብ ነበር። የኦክላንድ ተማሪና ሠራተኛ ዓይኑን ከሌንሱ ላይ አሳርፎ የጨረቃን ጉድጓዶች አየ።

የሊክ ሌንስ ግን ብዙ አስለቀሰ። ስፋቱ 36 ኢንች ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ዓይነት መስታወት ተደርቦበታል፤ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለማቱን እየነጣጠለ በኮከቡ ዙሪያ የቀስተ ደመና ጠርዝ ይፈጥር ነበር። መስታወቱን የሚያቀልጡት በፓሪስ ነው። አንዱ ቁራጭ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ሌላው መስመር ይወጣበታል፤ እንከን የሌለው እስኪገኝ ዓመታት አለፉ። ከዚያ የማሳቹሴትሶቹ አልቫን ክላርክና ልጆቹ ሞርደውና ወልውለው አበቁት። ሌንሱ ተራራው ላይ የደረሰው በ1886 መጨረሻ ላይ ነበር፤ በዚያው ዓመት አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቁልቁል አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1887 የሊክ አስከሬን ከሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ቴሌስኮፑ ከሚቆምበት ምሰሶ ሥር ተቀበረ። አሁንም እዚያው ነው።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1888 ሌሊት ቴሌስኮፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ ተነጣጠረ። ብርዱ ከባድ ነበር። ኮከቡ ግን አልጠራ አለ፤ ከ17 ሜትር በላይ የሚረዝመው ቱቦ ሲሠራ ስሌቱ ስቶ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ኖሯል። በመጋዝ ቆረጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉልላቱ በበረዶ ተይዞ አልዞር ሲል ጄምስ ኪለር የተባለው የ30 ዓመት ወጣት ሳተርን በክፍተቱ ፊት እስክታልፍ ጠበቃትና በቀለበቷ ጠርዝ አካባቢ ቀጭን ጥቁር መስመር አየ። ያ መስመር 325 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ነው፤ ያየው ከ1 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። በጁን 1888 የከዋክብት መመልከቻው ጣቢያ፣ ማለትም ኦብዘርቫቶሪው፣ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። ባለሙያዎች ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት የተራራ ጫፍ ኦብዘርቫቶሪ በዓለም ላይ ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1889 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን ካሊፎርኒያ አለፈ። የፀሐይ ስፋት ከጨረቃ 400 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ ርቀቷም እንዲሁ 400 ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ ትንሿ ጨረቃ ትልቋን ፀሐይ ልክክ አድርጋ ትሸፍናታለች። የኦክላንዱ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ ቻርለስ በርክሃልተር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስተባብሮ ቀረጸው። ከዚያ ቀን ደስታ የተነሳ አማተሮችና ሊቃውንት በአንድነት በፌብሩዋሪ የፓስፊክ የሥነ ፈለክ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ።

ከተራራው ሰዎች ልቤን የሚነካው ኤድዋርድ ባርናርድ ነው። በ1857 በናሽቪል በድህነት ተወለደ፤ ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን በዘጠኝ ዓመቱ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። ሰማይን በራሱ አጥንቶ ጅራታም ኮከቦችን በማግኘት ታወቀና በ1888 የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ወሰደው። ትልቁን ቴሌስኮፕ ግን አለቆቹ ነበሩ የሚጠቀሙበት። በ1892 ክረምት በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ሌሊት፣ ተፈቀደለት። ሴፕቴምበር 9 ዓርብ ነበር። ጁፒተርን በቴሌስኮፑ ውስጥ ባለ መከለያ ጋርዶ ድምቀቷ ዓይኑን እንዳይወጋው ካደረገ በኋላ ከጎኗ የሚንቀሳቀስ ደካማ ነጥብ አየ። አምስተኛ ጨረቃ ነበረች። ጋሊሊዮ በ1610 አራቱን ካገኘ 282 ዓመት ሆኖት ነበር። የጋሊሊዮ አራት ጨረቃዎች በሰማይ ያለው ሁሉ ምድርን እንደማይዞር ያረጋገጡ ምስክሮች ናቸው። የባርናርዷ አማልቴያ ደግሞ ስበት እንዴት እንደሚሠራ ታስተምራለች፤ ለጁፒተር ቅርብ ስለሆነች ዙሯን የምትጨርሰው በ12 ሰዓት ገደማ ነው፣ የኛዋ ጨረቃ ግን ከምድር ርቃ 27 ቀን ይፈጅባታል። ሰው በዓይኑ ከሌንስ ላይ ተደግፎ ያገኛት የመጨረሻዋ ጨረቃ አማልቴያ ናት። ከእሷ በኋላ ሥራውን ፎቶግራፍ ወሰደው። እነዚያ ዓመታት እኛ ዘንድ ክፉ ቀን የተባሉት የረሃብና የከብት እልቂት ዓመታት ነበሩ፤ ሰው ወደ ሰማይ የሚያየው ዝናብ ፍለጋ ነበር።

በ1895 ኪለር ወደ ፒትስበርግ ሄዶ ሳለ የሳተርንን ቀለበት ምሥጢር ፈታ። ያን ጊዜ የተጠቀመበት ዘዴ እስከ አቦል ድረስ ስለሚያደርሰን ቆም ብለን እንየው። በኦክላንድ ጃክ ለንደን አደባባይ ባቡር መሃል መንገድ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፣ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። የድምፁ ሞገድ ሲቀርብ ይጠጋጋል፣ ሲርቅ ይሳሳባል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ የሚቀርብ ነገር ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቅ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ኪለር የቀለበቱን ብርሃን በስፔክትሮግራፍ በትኖ ሲለካ የውስጠኛው ክፍል ከውጨኛው ይልቅ ይፈጥናል። አንድ ወጥ ሰሌዳ ቢሆን ኖሮ የውጨኛው ነበር የሚፈጥነው። ስለዚህ ቀለበቱ እያንዳንዱ በየራሱ ምህዋር የሚዞር የብዙ ቁርጥራጭ ስብስብ ነው። ኪለር በ1898 ዳይሬክተር ሆኖ ወደ ሊክ ተመለሰ፤ በፎቶግራፍም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጠምዛዛ የብርሃን ደመናዎች በሰማይ እንዳሉ ገመተ። እነሱ ሌሎች ጋላክሲዎች መሆናቸው የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው፤ በ1900 በ42 ዓመቱ ሞተ።

የተካው ዊልያም ካምቤል የከዋክብትን ፍጥነት በዚሁ ዘዴ እየለካ ተራራውን የዘዴው ቤት አደረገው። ስሙን ያስጠራው ግን ግርዶሽ ነው። አይንስታይን ፀሐይ በአጠገቧ የሚያልፈውን የኮከብ ብርሃን በተወሰነ መጠን ታጎብጣለች ብሎ ነበር። ያን ለማየት ፀሐይ መሸፈን አለባት። በኦገስት 1914 ካምቤል መሣሪያውን ጭኖ ኪየቭ አጠገብ ሄደ፤ ጦርነት ፈነዳ፣ በግርዶሹም ሰዓት ደመና ሸፈነው፣ መሣሪያውም እዚያው ሩሲያ ቀረ። በጁን 1918 ግርዶሽ በዋሽንግተን ግዛት ሲያልፍ መሣሪያው ገና አልተመለሰም ነበር። ያኔ የደረሰለት የኦክላንዱ የሻቦ ኦብዘርቫቶሪ ነው፤ ሌንስ አዋሰው። በተዋሱት ሌንስ የተነሳው ፎቶግራፍ አይንስታይንን ለመደገፍም ለመጣልም አልበቃም። ካምቤል ተስፋ አልቆረጠም። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1922 በምዕራብ አውስትራሊያ ዋላል በተባለ በረሃማ ዳርቻ በተሻለ መሣሪያ አነሳው፤ ለወራትም ለካው። አይንስታይን 1.75 ሴኮንድ ማዕዘን ብሎ ነበር፣ የካምቤል ልኬት 1.72 ሆነ።

የሻቦ ኦብዘርቫቶሪ ራሱ በ1915 ከመሃል ኦክላንድ ወደ ኮረብታው ተዛውሯል፤ ያባረረው የከተማው መብራት ነው። ባለ 20 ኢንች ሁለተኛ ቴሌስኮፕም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ተራራው ላይ ደግሞ በ1959 ባለ 3 ሜትሩ ሼን ቴሌስኮፕ ሥራ ጀመረ። በጁላይ 1969 አርምስትሮንግና ኦልድሪን ጨረቃ ላይ መስታወት ትተው ተመለሱ፤ ኦገስት 1 ቀን ከሼን የተተኮሰ የሌዘር ጨረር ያን መስታወት ነክቶ ተመለሰ። ደርሶ መልሱ 2.5 ሴኮንድ ገደማ ነው። በዚህ ዘዴ በቀጠለው ልኬት ጨረቃ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር እየራቀችን መሆኗ ታውቋል።

ሸለቆው በኮምፒውተር ኢንዱስትሪ ሲጥለቀለቅ መብራቱ እስከ ተራራው ወጣ። ሳን ሆዜ በ1980 አካባቢ ለጎረቤቷ አዝና የመንገድ መብራቶቿን በዝቅተኛ ግፊት በሚሠራ የሶዲየም አምፖል መለወጥ ጀመረች። ይህ አምፖል የሚያወጣው አንድ ዓይነት ብጫ ቀለም ብቻ ስለሆነ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ያችን ቀለም ለይተው ሊያስወግዷት ይችላሉ። ሊቃውንቱም ውለታውን በአስትሮይድ መለሱ፤ 6216ኛው አስትሮይድ ሳን ሆዜ ተባለ። አንድ ከተማ ለሳይንስ ብሎ መንገዱ ብጫ እንዲሆን መፍቀዱን የማደንቀው ከልቤ ነው።

ጄፍሪ ማርሲና ፖል በትለር የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከ1987 ጀምሮ በሃሚልተን ተራራ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ያሉ ፕላኔቶችን ይፈልጉ ነበር። ፕላኔት ራሱ ከኮከቡ ድምቀት የተነሳ አይታይም። ግን ፕላኔት ኮከብን ይጎትታል፤ ኮከቡም በትንሹ ይወዛወዛል፣ ብርሃኑም አንዴ ወደ ሰማያዊ አንዴ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ጁፒተር ፀሐይን የምታወዛውዛት በሴኮንድ 12 ሜትር ያህል ነው፤ በጣም ፈጣን ሯጭ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ያለው ፍጥነት። ይህን ለመለካት የኮከቡን ብርሃን በአዮዲን ጋዝ ውስጥ አሳለፉት፤ የአዮዲን መስመሮች እንደ ማስመሪያ ሆነው አገለገሉ። በኦክቶበር 1995 የስዊዘርላንዶቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ቀደሟቸው፤ በ4.2 ቀን ኮከቧን የምትዞር ፕላኔት አገኙ። ማርሲና በትለር በቀናት ውስጥ ከሊክ አረጋገጡላቸው። በጃንዋሪ 1996 ደግሞ የራሳቸውን ሁለት አሳወቁ።

ዓለም ሁሉ ወደዚህ ፍለጋ ከገባ በኋላ በ2009 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ካትሪን ፒክና ባልደረቦቿ ስለ አንድ ኮከብ ጻፉ። ኮከቡ በመዝገብ ኤችዲ 16175 ይባላል፤ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ሲሆን ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ማለትም ዛሬ የምናየው ብርሃን ከኮከቡ የተነሳው ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በሊክ የተለካው የኮከቡ መወዛወዝ ቢያንስ 4.4 ጁፒተር የሚመዝን ፕላኔት እንዳለው አሳየ። ዓመቱ የኛን 2.7 ዓመት ይሆናል። ምህዋሩ ክብ አይደለም፤ በጣም የተለጠጠ ነው። ሲቀርብ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ያነሰ ይጠጋል፣ ሲርቅ ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሄዳል፤ ኬፕለር ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንዳስተማረውም ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ጋበዘ። ከ110 በላይ አገሮች ተሳተፉ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 ነበር። በዲሴምበር 17 ስሞቹ ይፋ ሲሆኑ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ወደ ህዋ መጠቀች፤ መቆጣጠሪያዋ የተተከለው እንጦጦ ላይ፣ የኢትዮጵያ የሥነ ፈለክ ቴሌስኮፖች በቆሙበት ተራራ ነው።

በኦገስት 2020 በደረቅ መብረቅ የተነሳ እሳት ከሳን ሆዜ በስተ ምሥራቅ ያሉትን ተራሮች አዳረሰ፤ 396 ሺህ ኤከር ገደማ አቃጠለ። ሃሚልተን ተራራ ላይ ደርሶ የሠራተኞች መኖሪያ ቤት በላ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተከላክለው ጉልላቶቹን አተረፉ፤ የሊክ መቃብርም፣ አቦል የተገኘበት መሣሪያ ቤትም ተረፈ።

ሻቦ ከ2000 ጀምሮ ከኦክላንድ በላይ ባለው ኮረብታ የሕዋና የሳይንስ ማዕከል ሆኗል፤ ሰማዩ ከጠራ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በቴሌስኮፖቹ ማየት በነጻ ነው። አንድሮሜዳ በኦክቶበርና በኖቬምበር ምሽት ከቤይ ኤሪያ በላይ ከአናት አጠገብ ትቆማለች፤ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ደግሞ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ትታያለች። የቡና ኮከብ ድምቀት 7ኛ ደረጃ ላይ ነው፤ በባዶ ዓይን ለማየት ጥቂት ይጎድለዋል፣ ከከተማ መብራት ርቆ በተራ የእጅ መነጽር ግን ይገኛል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሻቦ የወጣችሁ እንደሆነ ቴሌስኮፑ ጋ ለቆመው በጎ ፈቃደኛ ቁጥሩን ንገሩት፦ ኤችዲ 16175።